ጠራት ወይስ ፈራት?

አባባ ከደብረ ማርቆስ መጥተው እኛ ጋ መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው። ማታ ማታ ከራት በኋላ አብረን ድራማ እናያለን። አብረን ስል፣ እኛ እናያለን፣ እሳቸው ይጠይቃሉ። «ምን አለ?» ይላሉ። እነግራቸዋለሁ። እሱን ስናገር የሚቀጥለው ንግግር ያመልጠናል። «እሷስ ምን አለችው?» ይሄኔ ማናችንም አልሰማንም።

አንድ ቀን ነገሩ ክርክር ሆነ። ድራማው ውስጥ አንዷ ጎረቤት ስለ ባልና ሚስቱ ስታወራ «ማታ መጥቶ ጠራት» አለች። አባባ የሰሙት «ማታ መጥቶ ፈራት» ነው። ለሃያ ደቂቃ ያህል እኛ አንድ ድራማ፣ እሳቸው ሌላ ድራማ አዩ። በሳቸው ድራማ ባልየው ሚስቱን የሚፈራ ምስኪን ነው። እውነቱን ለመናገር የሳቸው ታሪክ ይሻል ነበር።

በማግስቱ «ሆም ቴአትር መግዛት አለብን» አልኩ። ባለቤቴ ዝም ብላ አየችኝ። አስተያየቷ ገብቶኛል። አባባን ሰበብ አደረግኩ እንጂ ምኞቱ የራሴ ነው፤ ያውም የቆየ።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። በቆርቆሮ የታጠረ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ። ሳንቲም ያለን ቀን ገብተን አግዳሚው ላይ እንጠጋጋለን። የሌለን ቀን ከቆርቆሮው ጀርባ ቆመን እናዳምጣለን። ተዋንያኑ የሚናገሩት ቋንቋ አይገባንም። ምን ቸገረን? ቡጢው ይሰማል፣ ጥይቱ ይሰማል፣ መኪናው ሲገለበጥ ይሰማል። በማግስቱ ትምህርት ቤት ያላየነውን ፊልም በድምፁ ብቻ እንተርክ ነበር። ለኔ የፊልም ድምፅ ማለት ያ ነው፤ ደረት የሚመታ ነገር። መርካቶ የወረድኩትም ደረት የሚመታ ነገር ፍለጋ ነው። አባባ የቸገራቸው ግን አንዲት ፊደል ነበረች።

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ሻጩ ወገቤ ድረስ የሚመጡ ሁለት ሳጥኖች አሳየኝ። ፊታቸው ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይሽከረከራል። «ወንድሜ፣ ይሄ አሥር ሺህ ዋት ነው። ሰፈሩን ያስነሳልሃል» አለኝ። ሰፈሩ ባይነሳ እንደምመርጥ ነገርኩት። ሳቀ። ካርቶኑ ላይም 10,000 የሚል ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። ከጎኑ በትንሹ «ፒኤምፒኦ» ይላል።

ይቺን ቃል ስታዩ ጠንቀቅ በሉ። መሣሪያው ለቅጽበት ያህል ሊያወጣ ይችላል ተብሎ የሚገመት ጉልበት ነው፤ ያውም ወረቀት ላይ። አለካኩ ላይ ሁሉም የተስማማበት ደንብ ስለሌለ አምራቹ ደስ ያለውን ይጽፋል። መፈለግ ያለባችሁ «አርኤምኤስ» የሚለውን ቁጥር ነው። መሣሪያው ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ጉልበት የሚያሳየው እሱ ነው። እሱ ካልተጻፈ ደግሞ ዕቃውን አዙሩትና ከጀርባው የተለጠፈውን የኤሌክትሪክ ፍጆታ አንብቡ። እኔ ያዞርኩት 60 ዋት ይላል። ከሶኬት ስልሳ ዋት የሚወስድ ዕቃ አሥር ሺውን ከየት ያመጣዋል? የቤታችን የሶኬት መስመር የሚጠበቀው በ16 አምፔር ብሬከር ነው። በ220 ቮልት ሲባዛ 3,520 ዋት ይመጣል። ዕቃው የምሩን አሥር ሺህ ቢስብ ኖሮ ገና ስናበራው ቤቱ ይጨልም ነበር።

ሻጩ ላይ አልፈርድበትም። እኛ ገዢዎቹ ነን እንደዚያ ያስለመድነው። እኛ አገር ትልቅ ስፒከር ሁሉ «ሞንታርቦ» ነው የሚባለው። የአንድ የጣሊያን ኩባንያ ስም መሆኑን እኔ ራሴ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ድምፅን የተዋወቅነው ከሠርግ ድንኳን ነዋ። ጥሩ ድምፅ ማለት ከሦስት ሰፈር ማዶ የሚሰማ ድምፅ መስሎን አደግን።

ስለ ዋት ከተነሳ አይቀር፣ ከሁሉም በላይ የገረመኝን ልንገራችሁ። ብዙ የቤት ስፒከሮች በ1 ዋት ብቻ፣ አንድ ሜትር ርቀት ላይ፣ 87 ዴሲቤል አካባቢ ያሰማሉ፤ ዴሲቤል የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ሦስት ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው 77 ገደማ ይደርሰዋል፤ ቤት ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው ከዚያም ይበልጣል። ሁለት ሰው ሲያወራ 60 አካባቢ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ምሽት የምንጠቀመው አንድ ዋት እንኳ አይሞላም። ጉልበቱን እጥፍ ብታደርጉት የምታገኙት ጭማሪ 3 ዴሲቤል ነው። ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ወደ አሥር እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል። በ50 እና በ100 ዋት መካከል ተወዛግቤ ያሳለፍኳቸው ቅዳሜዎች ይቆጩኛል።

በዚህ መሐል የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ መጣ። «እኔ ያረጀውን ቀይሬያለሁ፣ አንተ ውሰደው» ብሎ አንድ ኤቪ ሪሲቨር ሰጠኝ። ሪሲቨር ስል የዲሹን አይደለም። ከቴሌቪዥኑ የመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፣ የየስፒከሩን ድርሻ ከፋፍሎና አጉልቶ የሚልከው ከባድ ሳጥን ነው። ከዚህ በኋላ አምፕሊፋየር እለዋለሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የዚያኑ ዕለት ማታ ሶኬት ላይ ሰካሁት። «ጷ» አለ። ቀጥሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። አባባ ከሶፋው «አሁን ጥሩ ይሰማል» አሉ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ከጀርባው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ተብሎ ተጽፏል። የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ድረስ ስለሚቀበል ሁሉም ዕቃ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። እንዲህ ያለው አምፕሊፋየር ግን ለሚሸጥበት አገር ተብሎ ነው የሚሠራው። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር እንደነደደ ነገረኝ። ዘመድ ከአሜሪካ ዕቃ ላመጣላችሁ ሁሉ ምክሬ አንድ ነው፦ ምስጋናው ይቆይ፣ መጀመሪያ ጀርባውን አንብቡ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ እሱም አቅሙ ከዕቃው ፍጆታ በደንብ የሚበልጥ መሆን አለበት። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ጉልበትም ታውቁታላችሁ። እኔ አሁን መብራት በሄደ ቁጥር ሶኬቱን እነቅላለሁ።

በመጨረሻ ከአገር ሊወጣ ዕቃውን ከሚሸጥ ሰው ያገለገለ ባለ 220 ቮልት አምፕሊፋየር ከአምስት ስፒከርና ወፍራሙን ድምፅ ከሚያወጣ አንድ ሳጥን፣ ከሰብዉፈር ጋር ገዛሁ። 5.1 የሚባለው ይሄ ነው። አምስቱ ፊት ለፊት ግራ፣ ቀኝ፣ መሐል፣ ከዚያ የጎን ወይም የኋላ ሁለት ናቸው። «ነጥብ አንዷ» ለወፍራም ድምፅ ብቻ የተለየች፣ እስከ 120 ኸርዝ ድረስ የምትወጣ መስመር ናት፤ ኸርዝ ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ይነግራል፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድምፁ ይወፍራል። ዶልቢ የተባለው የድምፅ ኩባንያ ይህን አደራደር በዲጂታል ወደ ሲኒማ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው።

ሳጥኖቹን ሳወጣ አባባ አጠገቤ ሆነው ያዩ ነበር። «ይሄ የቀኙ፣ ይሄ የግራው» ስላቸው ወዲያው ገባቸው። በልጅነታቸው ዜማ ቤት ገብተው ነበር። ማኅሌት ላይ መዘምራኑ በሁለት ወገን ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል። «ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ማለት ነዋ!» አሉኝ። መሐል የሚቀመጠውን አሳየኋቸው። «እሱ መሪጌታው ነው።» ሰብዉፈሩንስ? ጎንበስ ብለው አዩት። «ይሄማ ከበሮው ነው፣ ምን ጥያቄ አለው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ስማቸው ይሄው ነው። ልጄ እንኳ «መሪጌታው ላይ ኳስ መታሁ» ብላ ይቅርታ ትጠይቃለች።

ሁሉንም ደርድሬ አንድ የጦርነት ፊልም ከፈትኩ። ሄሊኮፕተሩ ከኋላዬ መጥቶ በላዬ አለፈ። ፀጉሬ ቆመ። አባባን ዞሬ አየኋቸው። «ምን አለ?» አሉኝ።

አልተሻሻለም። እንደውም ባሰ። ድምፁን ከፍ ሳደርግ ፍንዳታው ከፍ ይላል፣ ንግግሩ እዚያው ነው። በሦስተኛው ቀን የታች ቤቷ እትዬ በሩን አንኳኩ። በጣም ጨዋ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ወፍጮ አስገባችሁ እንዴ?» አሉኝ። እንዲህ በቀልድ ሲመጣ ከስድብ በላይ ያማል።

ያኔ ነው ቆም ብዬ ክፍሉን ያየሁት። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ነው፤ 3.6 በ4.5 ሜትር። ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ኮንክሪት፣ አንዱ ጎን መስታወት። መሐሉ ላይ ቆሜ አንዴ አጨበጨብኩ። ግድግዳዎቹ ጭብጨባዬን እየተቀባበሉ «ዝርርር» አሉ። እናንተም ሞክሩት፤ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት፣ በነፃ። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ አንዱ ቃል ሳይሞት ሌላው ይደረብበታል። ስፒከሩ መቶ ሺህ ብር ይሁን ሁለት ሺህ፣ የሚሰማችሁ ግማሹ የግድግዳው ድምፅ ነው።

መድኃኒቱ ውድ አልነበረም። ወፍራም ምንጣፍ ከሶፋው ፊት ለፊት ዘረጋን። ስሱን መጋረጃ ለውጠን እስከ ወለል የሚወርድ ከባድ መጋረጃ ሰቀልን። መኝታ ቤት የነበረውን የመጻሕፍት መደርደሪያ በባዶው ግድግዳ አቆምነው። ድጋሚ ሳጨበጭብ ዝርርታው ጠፍቷል። በዚህ ሁሉ ወር ካወጣሁት ብር ሁሉ ያልቆጨኝ የምንጣፉ ነው። ባለቤቴም እንዲሁ፤ እሷ ምንጣፉን ከጠየቀች ሦስት ዓመቷ ነበር።

ወፍራሙን ድምፅ ግን ምንጣፍ አያቆመውም። 40 ኸርዝ የሆነ ድምፅ አንዱ ሞገዱ ብቻ ከ8 ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል፤ የኔ ሳሎን እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ አንዱ ቦታ ላይ ተከማችቶ ያጓራል፣ ሌላው ቦታ ላይ ጨርሶ ይጠፋል። እኔ ሰብዉፈሩን ማዕዘን ላይ ወሽቄው ነበር፤ ከሁሉ በላይ የሚያጓራበት ቦታ ማለት ነው። የታወቀ ዘዴ አለ። ሰብዉፈሩን እናንተ በምትቀመጡበት ሶፋ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ከዚያ እናንተ ወለሉን እየዳሃችሁ በየጥጉ ታዳምጣላችሁ። ድምፁ ጥርት ብሎ፣ ሳያጓራ የሚሰማበት ቦታ ስትደርሱ ሰብዉፈሩ መቀመጥ ያለበት እዚያ ነው።

በአራት እግሬ ሳሎኑን ስዞር አባባ ከጓዳ ወጡ።

«ምን ጠፋብህ?»

«ድምፅ» አልኳቸው።

አማተቡና ተመለሱ።

ከግድግዳው መሐል አካባቢ ቦታ አገኘሁለት። እግሩ ሥር ወፍራም ስፖንጅ አደረግኩ። ይሄ ቤታችን ያሉትን ነገሮች መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፤ እትዬን ሙሉ በሙሉ አያድናቸውም፣ ኮንክሪት ወፍራም ድምፅ ያሳልፋላ። እሳቸውን ያዳናቸው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ሰብዉፈሩን መቀነሴና «ናይት ሞድ» የሚለውን ማብራቴ ነው። ናይት ሞድ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ አድርጎ ያቀራርባቸዋል። ብዙ ቴሌቪዥኖች ላይም በሌላ ስም አለ፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፈልጉት።

አሁን ወደ መሪጌታው። ፊልም ሲቀናበር አብዛኛው ንግግር የሚሄደው ወደ መሐሉ ስፒከር ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ተናጋሪው ስክሪኑ ላይ ነው፣ ድምፁም ከዚያው መምጣት አለበት። የስቴሪዮ አባት የሚባለው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ይሄው ነገር ነው አሉ ያበሳጨው። ከሚስቱ ጋር ሲኒማ ገብቶ ተዋናዩ በአንድ በኩል ቆሞ ድምፁ በሌላ በኩል ሲመጣ አየ። እ.ኤ.አ. በ1931 መጨረሻ የስቴሪዮ ፓተንቱን አስገባ። እኛ ቤት ደግሞ የቀጭኑ ቴሌቪዥን ስፒከር ከታች ነው፤ ፊቱን ወደ ወለሉ አዙሯል። ጀግናው ለአባባ የሚያወራው በጠረጴዛው በኩል ነበር።

በዚያ ላይ ዕድሜ አለ። ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚሸሸው ቀጭኑ ድምፅ ነው። አናባቢው ወፍራም ነው፣ ይሰማል። እነ ሰ፣ ፈ፣ ተ፣ ጠ የሚለዩት ግን በዚያ በቀጭኑ ድምፅ ነው። አባባ «…ራት» የሚለውን ጥርት አድርገው ሰምተዋል። የጎደለችውን ፊደል ከራሳቸው ሞሉ። ሠራት፣ ጠራት፣ ፈራት፤ ሦስቱም ያስኬዳል። ድምፁን መጨመር ያቺን ፊደል አይመልሳትም፤ «ራት»ን ነው ይበልጥ የሚያስጮኸው።

እኔ መሪጌታውን የት ነበር ያስቀመጥኩት? ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ሥር። ላዩ ላይ ዳንቴል ለብሶ። ዳንቴሉ ቀዳዳ ስለሆነ አይጎዳም፤ እሱ ላይ የቆመችው የፕላስቲክ አበባ ማስቀመጫ ግን ከእያንዳንዱ ወንድ ተዋናይ ጋር ትንቀጠቀጥ ነበር። ከቡፌው አወጣሁት። ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እኩል አደረግኩትና ከፊት ለፊቱ ሥር ካርቶን አጥፌ ቀና አደረግኩት፤ ፊቱ ወደ አባባ ጆሮ እንዲያይ። አምፕሊፋየሩ ላይ የሱን ድምፅ ብቻ 3 ዴሲቤል ጨመርኩ። ከንፈሩና ድምፁ ትንሽ ይለያዩ ነበር፤ ለሱም ማስተካከያ አለው።

በዲሽ የሚመጣው የኛ ድራማ 5.1 አይደለም፤ ባለ ሁለት መስመር ስቴሪዮ ነው። ግን አምፕሊፋየሩ በግራና በቀኝ እኩል የመጣውን ነገር ለይቶ ወደ መሐል የሚልክበት አሠራር አለው። ንግግር ብዙውን ጊዜ በሁለቱም እኩል ስለሚቀረጽ ወደ መሪጌታው ይሄዳል። ሙዚቃው በየጎኑ ይቀራል።

ያን ማታ ድራማው ተጀመረ። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። አባባ ምንም አልጠየቁም። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ነቅተዋል። «ይቺ ሴትዮ ውሸቷን ነው» አሉ።

የኋላዎቹ ሁለቱ ስፒከሮችስ? አሁን ካርቶናቸው ውስጥ ተመልሰው አልጋ ሥር ናቸው። ሶፋችን ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ከኋላ ቦታ የለም። በጎን ላድርጋቸው ብል አንዱ የኩሽና በር ላይ ያርፋል። ጆሮ ሥር የተለጠፈ ስፒከር ከሌለው ይብሳል። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። እኔ ግን ዛሬ ከዜሮ ብጀምር ለአምስት የማወጣውን ብር ለሦስት ነው የማወጣው። አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲኖራቸው አብረው የተሠሩ ሦስት የፊት ስፒከሮች፣ አንድ ትንሽ ሰብዉፈር፣ አበቃ። ቦታ ለሌለው ደግሞ የመሐል መስመር ያለው ሳውንድባር፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠው ረጅም ስፒከር፣ ይበቃል። ገመዱም ጌጥ አያስፈልገውም። ኤሌክትሪሽያኑ ለሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ሽቦ ለሳሎን ከበቂ በላይ ነው።

አትሞስ የሚባለውንም ጠይቄ ነበር። ከጣሪያ ድምፅ የሚያዘንበው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሲኒማ ውስጥ ተጀምሮ በ2014 ወደ ቤት ገባ። ለአባባ ስነግራቸው «ላሊበላ አለ እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የገና ዕለት በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» ሲባል ከፊሎቹ ከላይ ከገደሉ ጠርዝ ላይ ይቆማሉ፣ ከፊሎቹ ከታች ከግቢው። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የሰው ልጆች ምሳሌ ናቸው። አባባ በወጣትነታቸው አንዴ ሄደው በመሐል ቆመዋል።

ዘንድሮ የገና ዕለት ጠዋት ያንኑ በቀጥታ ስርጭት ከፈትንላቸው። እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ከሪሞቱ ጋር እታገላለሁ። ሥዕሉ ግሩም ነው። ገደሉ ላይ ነጭ በነጭ፣ ከታችም እንዲሁ። ድምፁ ግን ሁሉም ከመሪጌታው ሳጥን ይወጣል። ቀኝ ጌታው ዝም፣ ግራ ጌታው ዝም።

«የላዮቹ የት ሄዱ?» አሉ አባባ።

«አንድ ላይ አድርገው ነው የላኩት አባባ፣ ሞኖ ነው።»

«አንድ ላይ አድርገው?»

«አዎ። ሳጥኑ መለየት አይችልም።»

ትንሽ ዝም አሉ። የሚመሩት መርተው ጨረሱ። ሳጥኑ የሚቀበሉትንም ከዚያው ከመሐል ሊያወጣ ሲል፣ ቀስ ያለ፣ ትንሽ የሻከረ ድምፅ ከኋላዬ መጣ። አባባ ሶፋው ላይ ሆነው እየተቀበሉ ነበር።